መቅደላን እናውቃለን፤ ዕቃ ቤታችንንስ?

«መቅደላ» የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር አዳራሹ ይሞቃል። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ የነበረው ሳይቀር አንገቱን ያቀናል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ሚያዝያ በገባ ቁጥር፣ ወይም ከለንደን አንድ የጨረታ ዜና በተሰማ ማግስት እንዲህ ያለ ስብሰባ አይጠፋም። እኔም አጨብጫቢ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የተዘረፈው ይመለስ በሚለው ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከአጨብጫቢው ጋር ነው። ስብሰባው አብቅቶ ሻይ ቡና ሲባል ከየዩኒቨርሲቲው የመጡትን እንግዶች ጠጋ ብዬ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ልማድ አድርጌያለሁ፦ «ለመሆኑ እናንተ ግቢ ውስጥ ስንት ሥዕል አለ?» እስከ ዛሬ በቁጥር የመለሰልኝ አላገኘሁም። «ኧረ ብዙ ነው!» የሚለኝ ግን ሞልቷል።

ይህን የምጠይቀው ሰው ለማሳጣት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ስብስብ ውስጥ ረዳት ኩሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ «ተመስገን፣ እኛን አይደለም» ብለው ተመልሰው ይተኛሉ። ስሙ ካልተጠራ ግን እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ቤት በር ከፍቶ ለማየት ይገደድ ይሆናል የሚል ተስፋ አለኝ።

ሥራውን ያገኘሁት በሙያዬ አልነበረም። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ያውም በዲፕሎማ። ለአንድ ኤግዚቢሽን መግለጫ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ፣ ጽሑፎቼን ያየ አንድ መምህር ጠቁሞኝ ገባሁ። የስድስት ወር ኮንትራት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ታድሶ ዓመት ተመንፈቅ ሆነ። ሰፈር ውስጥ «ረዳት ሆነ» ተብሎ ሲወራ እናቴ የሚኒባስ ረዳት መስሏት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ኩሬተር የሚባለውን ነገር ላስረዳት ብሞክር የአማርኛ ቃል አጣሁለት። «ዕቃዎቹን የሚያውቅ፣ የሚጠብቅ፣ ማን እንደሰጣቸው የሚመዘግብ፣ ለሰው የሚያሳይ» እያልኩ ስዘረዝር አቋረጠችኝና፣ «ታዲያ የደብራችን ዕቃ ቤት ማለት ነዋ! ምን ታደናግረኛለህ?» አለች። እውነቷን ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በእርግጥ ዋና ኩሬተር ነበረን። መምህር ነው፤ ስብስቡ በማስተማር ሥራው ላይ ተደርቦ የተሰጠው ሰው ነው። ፈተና ያርማል፣ ተመራቂ ያማክራል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ቀን ካለች ወደ እኛ ብቅ ይላል። አልወቅሰውም። እሱም የታሰረ ሰው ነበር። ቁልፉን የሚይዘው፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅነው፣ ምስጥ ሲታይ ለጥገና ክፍል ደብዳቤ የሚጽፈውና መልስ የማያገኘው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ደግሞ ኮንትራት ነው። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ስለ ስብስቡ የሚያውቀው ሰው ነገ የሚሄደው ሰው ነው፤ የማይሄደው ሰው ደግሞ ለማወቅ ጊዜ የለውም።

ረዳት የሚለውን ቃል የሚንቅ ካለ ታሪክ ላስታውሰው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከወታደሩ ጋር አንድ የሙዚየም ሰው አብሮ ተጉዟል። ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። በብሪቲሽ ሙዚየም የጽሑፎች ክፍል ረዳት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ካለፉ በኋላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሲቸበቸብ፣ ይህ ረዳት የሙዚየሙን ገንዘብ ይዞ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ሆነ። ለራሱም አልሰነፈም፤ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል የግሉ አድርጎ አስቀርቶታል። ረዳት ማለት እንግዲህ እንዲህም ነው።

የእኔን አንጀት ይበልጥ የሚያሳርረው ግን የቀጠለው ነው። ከመቅደላ የተጋዙት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ሆነው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በእነርሱ አቆጣጠር ዘረፋው በ1868 ነበር። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ ለንደን ላይ ያሳተመው በ1877 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ዘራፊው የዘረፈውን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ገጽ በገጽ አንብቦ፣ የቅጠሉን ብዛት ቆጥሮ፣ ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ሁሉ መርምሮ ለዓለም አወጣው። ዛሬ እኛ «ይህ መጽሐፍ የመቅደላው መድኃኔ ዓለም ነበር፤ መልሱልን» ብለን ስንሟገት የምንጠቅሰው አንዱ ማስረጃ ይኸው የእነርሱ ካታሎግ ነው። ተዘረፍን፤ የተዘረፍነውንም ቆጥረው የነገሩን ዘራፊዎቹ ናቸው።

እኔ የሠራሁበት ስብስብ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከዘጠኝ ዓመት በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ማንም አልዘረፈውም። ካታሎግ ግን አልነበረውም።

የእኛ ሰው መዝገብ አያውቅም የሚል ካለ ደግሞ አላዋቂው እሱ ነው። እናቴ ወዳለችው ልመለስ። አንድ ተራ የገጠር ደብር ውስጥ ዕቃ ቤት የሚባል ሹም አለ። መስቀሉን፣ ጽናውን፣ ጃንጥላውን፣ መጻሕፍቱን ያውቃል፤ የትኛውን ጥላ ማን ስለ ማን ነፍስ እንደሰጠ ይናገራል። እሱ ሲለወጥ አዲሱ የሚረከበው በሽማግሌ ፊት አንድ ባንድ ተቆጥሮ ነው። የጎደለ ካለ ሰውዬው ይጠየቃል፤ በዚህ ዓለም ካመለጠም ወዲያኛው ዓለም አለለት። ብራናው ላይ ያለውንም ተመልከቱ። መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ይጽፋል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሰርቀውንና ስሙን የሚፍቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። የባለቤትነት ማስረጃው፣ የዕቃው ታሪክና የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በአንድ ገጽ ላይ! የዛሬው ሙዚየም ለዚህ ሦስት ፎርም ያስሞላል።

የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን በስም የምናውቀው በምን ይመስላችኋል? ጣና ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እርሱ እንደሠራው ስለተጻፈ ነው። ያን አንድ ጽሑፍ ይዘው ነው ሊቃውንቱ የእጁን ጠባይ እያነጻጸሩ ሌሎችንም ሥዕሎች ለእርሱ የሰጡለት። አንዲት መስመር ጽሑፍ ባትኖር ኖሮ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ተሻግሮ የመጣው ሰው ዛሬ «ስሙ ያልታወቀ ሠዓሊ» ነበር።

ከዚህ ተነስተን ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ንብረት ክፍል እንምጣ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ሦስት ሥዕሎች በስጦታ አበረከቱ። ደስ ብሎን ተቀበልን፤ ሻይ ጋበዝን፤ ፎቶግራፍ ተነሳን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነውና ማናቸውም ዕቃ ወደ ግቢው ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። እኔም ሦስቱን ሥዕሎች አስገባ ተብዬ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጨዋ ሴት ናቸው። ሞዴሉን ከፈቱ፣ ካርቦኑን አስተካከሉ፣ «ስም?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብዛት?» «ሦስት።» «የአንዱ ዋጋ?»

«ስጦታ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ቢሆንም። ዋጋ የሌለው ነገር ገቢ አይሆንም።»

ግማሽ ቀን ተከራከርን። እሳቸው ተንኮል የለባቸውም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ የአንዱን ዋጋ አንድ ብር ብለን ጻፍን። እንግዲህ በዚያ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ሦስቱ ሥዕሎች በሦስት ብር ይታወቃሉ። በስም ዝርዝሩ ዓምድ ላይ የሰፈረውም «ሥዕል ባለ ፍሬም» የሚል ብቻ ነው፤ የሠዓሊው ስም የሚጻፍበት ቦታ ሞዴሉ የለውም። ማን ሠራው? መቼ? በምን ቀለም? ማን ሰጠው? ለምን? ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንዱም ቦታ የለም። ሞዴል 19 ለወረቀት፣ ለጎማና ለወንበር የተበጀ ነው፤ ለወንበር መልካም ነው።

ሰኔ ላይ ደግሞ ቆጠራ መጣ። በጀት ከመዘጋቱ በፊት ኮሚቴው በየክፍሉ እየዞረ ቁጥር ይለጥፋል። ጠንካራ ሙጫ ያለው ወረቀት ነው። ሥዕሎቹ ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ጮኽኩ። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጀርባ እንለጥፋለን አሉኝ፤ ይህንኑም እንደ ውለታ ነው የነገሩኝ። አንባቢ ሆይ፣ የሸራ ሥዕል ጀርባ ምን እንደሆነ ካላወቅህ ልንገርህ። ጀርባው የሥዕሉ መታወቂያ ነው። ሠዓሊው ስሙንና ዘመኑን በእርሳስ የሚጽፈው እዚያ ነው፤ የትኛው ኤግዚቢሽን ላይ እንደቀረበ የሚነግረው ብጫቂ ወረቀት የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ዋጋ፣ የገዢው ስም፣ አንዳንዴ ለማን እንደታሰበ የሚገልጽ አንድ ቃል እዚያ ነው። ሙጫው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሸራውን ያኮማትረዋል፤ ፊት ለፊት ያለው ቀለም ይሰነጠቃል። ቁጥር መጻፍ የሚገባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሸራው በተወጠረበት እንጨት ላይ ነው። ይህን የተማርኩት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ከሆነ መመሪያ ነው፤ የረቀቀ ሳይንስ አይደለም። ከአርባ በላይ ሥዕሎች ጀርባቸው ላይ ቀድሞ በነበሩ ቆጠራዎች ተለጥፎባቸው አገኘሁ። ከአንዳንዶቹ ሥር ያለው የሠዓሊው ጽሑፍ ዳርና ዳሩ ብቻ ይታያል።

በዚያው ሰሞን የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ለፊርማ ሲዞር አየሁት። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀጥሎ «ሥዕል፣ ሸራው የተቀደደ፣ 3» ይላል። ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር፤ ኋላ የሒሳብ ሰው አስረዳኝ። ቋሚ ንብረት ነውና እንደማንኛውም የቢሮ ዕቃ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። ዓመታት ሲቆጠሩ ዋጋው ወደ ዜሮ ይወርዳል። በሌላው ዓለም ሥዕል ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል፤ እኛ ዘንድ ሲያረጅ ለጨረታ ይወጣል። ሦስቱን ሥዕሎች ከዝርዝሩ ያስወጣሁት በልመና ነው። እኔ ያን ቀን በምሳ ሰዓት እዚያ ባላልፍስ? ከእኔ በፊት ባልታየ ዝርዝር ስንት አለፈ? ይህን የሚመልስ ወረቀት በዚያ ግቢ የለም።

በጎ ምሳሌ የለም አልልም። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ የተሰበሰበውን ያየ ሰው አንድ ሁለት ሰው ከወሰነ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያውቃል። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ነበሩ። ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያ የሥዕል ስብስብ የተጠራቀመው ገበያ ለገበያ ተዞሮ፣ የተቋሙ ወዳጆች ገንዘብ እያዋጡ ከአገር ሊወጣ የነበረውን እየገዙ ነው። ይሁንና የሥዕሎቹን ካታሎግ ራሱ ሆይናትስኪ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ሆኖ ያወጣው በእነርሱ አቆጣጠር በ2000 ነው፤ ተቋሙ ከተመሠረተ ከ37 ዓመት በኋላ፣ ሚላኖ ላይ ታትሞ። የመጣ ይምጣ ብሎ የሰበሰበው ሰው በ85 ዓመቱ ገደማ ቁጭ ብሎ ጻፈው። እሱ ባይጽፈው ማን ይጽፈው ነበር?

የእኛ ሰው እንደሚችልም ማስረጃ አለን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ከየደብሩ በማይክሮፊልም የተነሱትን የብራና መጻሕፍት ቅጽ በቅጽ መዝግበዋል። ፊልሙ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ የያዘ ነው። አንድ ሰው፣ ከነሕመሙ፣ ከነስደቱ! ስለዚህ «የሰው ኃይል የለም» የሚለውን ምክንያት ለሌላ ሰው ንገሩት።

«በጀት የለም» የሚለውንስ? እስቲ እንተሳሰብ። በእነርሱ አቆጣጠር በ1997 የወጣ ኦብጀክት አይዲ የሚባል መለያ አለ፤ የተሰረቀ የጥበብ ሥራ የሚፈልግ ፖሊስ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። የሚጠይቀው ዘጠኝ ነገር ብቻ ነው፦ ዓይነቱ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩ፣ ያለበት ጽሑፍና ምልክት፣ ከሌላው የሚለይበት ነገር፣ ርእሱ፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ዘመኑ፣ የሠራው ሰው። ከዚያ ፎቶግራፍ። ይኸው ነው። በአንድ ገጽ ያልቃል። አንድ ደብተር፣ አንድ ሜትር፣ በእጃችን ያለው ስልክ፣ አንድ ቋሚ ሠራተኛ። ለአንድ ዓመታዊ የባህል ቀን ድንኳን፣ ጃኖና ምሳ የሚወጣው ገንዘብ ይህን ደጋግሞ ይሠራዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ የያዘ ሁሉ ያስመዝግብ ይላል። ገበሬው አያቱ ያወረሱትን ጋሻ እንዲያስመዘግብ እንጠይቀዋለን። ጠያቂው ዩኒቨርሲቲ የራሱን አልመዘገበም።

በዚያው በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀውን አፍሮ አይገባን አስታውሱ። ቤልጂማዊ ገዢ እጅ ገብቶ በ2001 ተመልሷል። መስቀሉን አገር ያውቀው ነበር፤ መልኩ በፎቶግራፍ ተነስቶ ታትሞ ነበር። «ይህ ሌላ መስቀል ነው» ብሎ መካድ አልተቻለም። የእኛ ግቢ ሥዕል ነገ አንድ የአውሮፓ ጨረታ ላይ ቢታይ በምን እንለየዋለን? «ሥዕል ባለ ፍሬም፣ አንድ ብር» በሚለው?

አሁን ጽሑፉን ለመጻፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልግባ።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው አንድ አዛውንት በልጅ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ሳለ እዚያ ሥዕል ያስተምሩ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የሠሩትን አንድ ሥዕል ለኮሌጁ አበርክተው ሄደዋል።

«ልጄ፣ ላስቸግርህ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አይቻት ልመለስ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ምኗን፣ ጋሼ?»

«እናቴን ናት። ጥጥ ስትፈትል ሥያታለሁ። ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም፤ ከዚያች ሥዕል በቀር መልኳ የትም የለም። አሁን ዓይኔ እየደከመ ነው።»

መዝገቡን አወጣሁ። «ሥዕል ባለ ፍሬም»፣ «ሥዕል ባለ ፍሬም»፣ «ሥዕል ትልቁ»። ሳምንት ተመለሱ አልኳቸው። በዚያ ሳምንት ዕቃ ቤቱን ገለበጥኩት። ኃላፊዎች ለቢሮ ማስጌጫ ብለው በቃል ትእዛዝ ያስወሰዷቸው ሥዕሎች እንዳሉ ስለማውቅ ቢሮ ለቢሮም ዞርኩ። አንዱ ጸሐፊ «እሱማ ሲዛወሩ ይዘውት ሄደው ይሆናል» አለኝ፤ እንደ ቀልድ። ሴትዮዋን አጣኋት። በሳምንቱ ሲመጡ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመጨረሻ ከእኔ ሁለት ሰው ቀድሞ የነበረውን ረዳት ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ኮንትራቱ ሳይታደስ ከቀረ አራት ዓመቱ ነው፤ አሁን ቤት ያሻሽጣል። ስሜን ነግሬው፣ ከየት እንደምደውል ነግሬው፣ ነገሩን ጀመርኩለት። አላስጨረሰኝም።

«ባለ እንዝርቷን ነው? ባዘቶው ጭኗ ላይ የተቀመጠውን? ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ ናት፣ ወንድሜ። ጣሪያው በዚያ በኩል ሲያፈስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ እኔ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኳት። ኧረ እስካሁን እዚያው ናት እንዴ?»

እዚያው ነበረች። መደርደሪያው የብረት ስለሆነ ከጀርባው ሰው የሚያይበት ክፍተት የለውም፤ ሦስት ሰው ሆነን ጎተትነው። ላስቲኩ አድኗታል፤ ከታች ጥጓ ላይ ብቻ ሻጋታ ነክቷታል። ጀርባዋ ላይ የቆጠራ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከወረቀቱ ዳር በእርሳስ የተጻፈ «እማማ» የሚል ቃል ይነበባል።

አዛውንቱ መጥተው አዩዋት። ሥዕሉ አጠገብ ወንበር አድርገንላቸው ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ስለ እናታቸው ብዙ ነገር አጫወቱኝ፤ እሱ የእሳቸው ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ሲነሱ ግን «ይህን ሁሉ ጊዜ በደህና ጠብቃችሁልኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። የጠበቃት ዩኒቨርሲቲው አይደለም። አሁን ኮንዶሚኒየም የሚያሻሽጥ ሰው ራስ ውስጥ ነው የኖረችው።

የስብስቡ ካታሎግ እሱ ነበር። እኛ ደግሞ ካታሎጉን «ኮንትራትህ አልቋል» ብለን ከበር አስወጣነው።

«ገመናችንን አደባባይ ማውጣት ምን ይጠቅማል? እንግሊዞቹ 'አላልናችሁም? መያዝ አትችሉም' ይሉናል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይበሉ። የበረቱ አጥር ስለላላ የተሰረቀች ላም የሌባው አትሆንም። መቅደላ የኛ ነው፤ አጥራችን ቢላላም ቢጠብቅም የኛ ነው። ገመናን ደብቆ መቆየት ግን ለእንግሊዙ የሚጠቅመውን ያህል ለእኛ አይጠቅመንም። እንዲያውም ለአንዳንዶቻችን መቅደላ ምቹ መጠለያ እየሆነልን ነው ብዬ እፈራለሁ። ጠላቱ ሩቅ ነው፤ ዘመኑ ሩቅ ነው፤ መጮህ እንጂ መደርደሪያ መጎተት አይጠይቅም።

ስለ «ዲጂታይዜሽን» ፕሮጀክትም ሁለት ቃል ልበል። በእኔ ጊዜ አንድ መጥቶ ነበር፤ ከውጭ በተገኘ ገንዘብ። ካሜራ ቆመ፣ መብራት በራ፣ ግማሹ ስብስብ ተነሳ። ገንዘቡ ሲያልቅ ሰዎቹ ሄዱ። ፎቶው ያለበት ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፤ የመሳቢያው ቁልፍ ማን ጋር እንዳለ ስጠይቅ ሦስት ስም ተነገረኝ፤ ሦስቱም ከግቢው ለቀዋል። ማሽን ሰውን አይተካም፤ ቢያንስ የመሳቢያ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል።

የእኔም ኮንትራት አለቀ። በዓመት ተመንፈቁ ውስጥ 212 ሥራዎችን በዘጠኙ ጥያቄ መሠረት በሦስት ባለ መቶ ገጽ ደብተር መዝግቤያለሁ፤ ልኩ፣ ቀለሙ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ያለበት ቦታ። ከእንዝርቷ ሴትዮ በኋላ ቀድሞ የነበሩትን ረዳቶች ሁሉ በስልክ እያስቸገርኩ የነገሩኝንም ጨምሬበታለሁ። ባለ እንዝርቷ 137ኛ ናት። በመጨረሻው ቀን የርክክብ ቅጽ ቀረበልኝ፦ ወንበር 1፣ ጠረጴዛ 1፣ ኮምፒዩተር 1፣ ቁልፍ 4። ሁሉን አስረከብኩ። ደብተሮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «እነዚህስ?» አልኩ።

ተረካቢው ልጅ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይኼ በስምህ ወጪ የሆነ አይደለም» አለኝ። «ወጪ ያልሆነ ነገር እንዴት እረከብሃለሁ?» ሞዴል 22 የለኝም፤ ደብተሩን የገዛሁት ከኪሴ ነው። ለዋናው ኩሬተር ልተውለት ፈልጌ ቢሮው ሄድኩ፤ ለስልጠና ውጭ አገር ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ብሄድ የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ይዤው ወጣሁ። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ፤ ደብተሮቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ።

ሦስቱም ደብተሮች አሁን ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሚያዝያ ላይ በሚደረገው ስብሰባ ብገኝ ይዣቸው እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ሊረከበኝ የሚፈልግ ኃላፊ ካለ አድራሻዬ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል አለ። በሽማግሌ ፊት፣ አንድ ባንድ ቆጥሬ አስረክባለሁ፤ ዋጋቸውንም አንድ ብር ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።